‹‹ሲስተም የለም›› እና በግቢያችን ያለው ያልተሾመ ሹም

‹‹ሲስተም የለም›› የሚለውን መልስ በመስኮት በኩል ያልሰማ የከተማ ነዋሪ የሚገኝ አይመስለኝም። ባንክ ቤት፣ ገቢዎች ቢሮ፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። መልሱን የሚሰጠው ሠራተኛም ሆነ የሚሰማው ባለጉዳይ ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አይደክሙም። ወይ ቴሌ ነው፣ ወይ መብራት ኃይል ነው። እውነትም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ግን ማንም የማይጠራውን ሦስተኛ ተጠያቂ ነው። ይህ ተጠያቂ ከግቢው አጥር ውጭ አይደለም። ከአንዱ ቢሮ ጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ የተቀመጠ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ትንሽ ሳጥን ነው። ማንም ሳይሾመው ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተሮች አድራሻ ያድላል፤ ባደለም ቁጥር ሥራ ይቆማል።

ጉዳዩን ዛሬ እንዳነሳው ያደረገኝ ኮምፒዩተር በአገራችን ከቢሮ ጌጥነት ወጥቶ የሰው ዕድል የሚወሰንበት ዕቃ መሆኑ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት የመውጫ ፈተና በመላ አገሪቱ በኮምፒዩተር ተሰጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። ለእነዚህ ፈተናዎች በዋነኛነት የሚያገለግሉት የዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ክፍሎች ናቸው። ከቢቸና ወይም ከደጀን ገጠር የመጣ ልጅ የ12 ዓመት ድካሙን ይዞ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ፣ ስክሪኑ በሰዓቱ መከፈቱና አለመከፈቱ የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል። በፈተናዎቹ ላይ ያልተሾመው ሳጥን አደጋ አድርሷል እያልኩ አይደለም። የምለው ማንም ሳያስበው ሊያደርስ የሚችል መሆኑን፣ መከላከያውም ከምንገምተው በላይ ርካሽ መሆኑን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ

አንድ ኮምፒዩተር ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አድራሻ ነው። አድራሻ የሌለው ኮምፒዩተር መልእክት መላክም መቀበልም አይችልም። ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አድራሻውን በእጅ መሙላት ይቻላል፤ መቶና ሁለት መቶ ኮምፒዩተር ባለበት ግቢ ግን አድካሚ ነው። ከዚህ ድካም የገላገለን ‹‹ዲኤችሲፒ›› የሚባለው የአሠራር ደንብ ነው።

አሠራሩ አራት እርምጃ አለው። ገና የበራው ኮምፒዩተር ማንንም ስለማያውቅ በኔትወርኩ ላይ ላሉት ሁሉ ‹‹አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?›› ብሎ ይጣራል። አዳዩ ሰርቨር ‹‹ይኸውልህ›› ብሎ አንድ አድራሻ ያቀርብለታል። ኮምፒዩተሩ ‹‹እሱኑ ስጠኝ›› ይላል። ሰርቨሩም ‹‹ለዚህን ያህል ሰዓት ያንተ ነው›› ብሎ ያጸድቃል። ሰርቨሩ በፖርት 67፣ ጠያቂው በፖርት 68 ይነጋገራሉ። ሁሉም ነገር ከዓይን ጥቅሻ ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል። ልብ በሉ፤ ከአድራሻው ጋር ሁለት ትልልቅ ነገሮች አብረው ይታደላሉ። አንደኛው ከግቢው ወደ ውጭ የሚወጣበት በር የቱ እንደሆነ ነው። ሁለተኛው የድረ ገጽ ስም ሲጠራ ‹‹ይህ የሚገኘው የት ነው?›› ተብሎ የሚጠየቀው የስም መዝገብ የትኛው እንደሆነ ነው። እነዚህን ሁለቱን የወሰነ ኮምፒዩተሩ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ ወሰነ ማለት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ መልስ የሰጠውን አካል ‹‹ማን ሾመህ?›› ብሎ አይጠይቅም። ሲመሽ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የወረደ እንግዳን አስቡት። አልጋ ፈልጎ ድምፁን ሲያሰማ ቀድሞ የመለሰለት ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይመራዋል። ያ ሰው የሆቴሉ ሠራተኛ ይሁን ደላላ፣ ወይም ሻንጣውን ይዞ የሚሰወር ሌባ፣ እንግዳው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኮምፒዩተርም እንደዚያው ነው። በአብዛኛው ቀድሞ የመለሰለትን ተከትሎ ይሄዳል።

ደንቡ እንዲህ የዋህ የሆነው የተወለደበት ዘመን ስለነበረ ነው። መሠረቱ ‹‹ቡትፒ›› የሚባለው የእ.ኤ.አ. የ1985 ደንብ ሲሆን፣ ዲኤችሲፒ ራሱ በአሜሪካ የባክኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር በነበሩት በራልፍ ድሮምስ ጸሐፊነት እ.ኤ.አ. በ1993 ወጣ። ዛሬም ድረስ የምንሠራበት ቅጂ የእ.ኤ.አ. የ1997 ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ ግቢ ኔትወርክ ላይ የተገናኙ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁና የሚተማመኑ ነበሩ። አድራሻ አዳዩ ማንነቱን በምስጢር ቁልፍ እንዲያረጋግጥ የሚያደርግ ተጨማሪ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ነበር፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ቀድሞ ቁልፍ ማደል ስለሚጠይቅ በተግባር የተጠቀመበት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዋህነቱ እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

ሳጥኑ እንዴት ይገባል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በክፋት አይደለም። ከሱቅ የሚገዛ የቤት ዋይፋይ ራውተር በጀርባው ብዙውን ጊዜ አምስት ቀዳዳ አለው። አንደኛው ከውጭ የሚመጣውን መስመር የሚቀበል ሲሆን፣ አራቱ ለቤት ውስጥ ኮምፒዩተሮች የተዘጋጁ ናቸው። አንድ ሠራተኛ ለስልኩ ዋይፋይ ፈልጎ ራውተሩን ያመጣና ከግድግዳው የመጣውን የመሥሪያ ቤቱን ኬብል ከአራቱ በአንደኛው ይሰካዋል። በዚህች ቅጽበት ራውተሩ ፋብሪካ ሲሠራው በተሰጠው ልማድ መሠረት ለመላው መሥሪያ ቤት 192.168.0 ወይም 192.168.1 ብለው የሚጀምሩ አድራሻዎችን ማደል ይጀምራል። ‹‹የመውጫው በር እኔ ነኝ›› ይላል፤ ከኋላው ግን መውጫ የለውም። ያመነው ሁሉ ግድግዳ ጋር ይጋጫል።

ሌሎችም መግቢያዎች አሉ። ኢንተርኔቱን ለጓደኞቹ ሊያካፍል ላፕቶፑ ላይ ማጋሪያውን የከፈተ ሰው ሳያውቀው አድራሻ አዳይ ይሆናል። በዩኒቨርሲቲ ደግሞ የኔትወርክ ትምህርት ተማሪ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሰርቨር መትከል ሲለማመድ፣ ያ ክፍል ከግቢው ኔትወርክ ካልተነጠለ ልምምዱ ወደ ሬጅስትራርና ወደ ፋይናንስ ይሻገራል።

ይህን በሽታ ለመመርመር አስቸጋሪ የሚያደርገው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለመያዙ ነው። ጠዋት ቀደም ብለው የበሩና አድራሻቸውን ከትክክለኛው ሰርቨር የወሰዱ ኮምፒዩተሮች ጊዜያቸው እስኪያልቅ በሰላም ይሠራሉ፤ ሲያሳድሱም በቀጥታ ወደሚያውቁት ሰርቨር ነው የሚሄዱት። ዘግይቶ የበራው፣ ኬብሉ ተነቅሎ የተሰካው፣ አዲስ የመጣው ግን ይጠለፋል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስቱ ሲሠሩ ሦስቱ አይሠሩም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይገለበጣል። ‹‹ኮምፒዩተሩ ነው››፣ ‹‹ቫይረስ ነው››፣ ‹‹ቴሌ ነው›› እየተባለ ሳምንት ያልፋል።

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነው። ለቀናት ‹‹መስመሩ ይቆራረጣል›› እየተባለ ለቴሌ ሲመለከት የቆየ ችግር ነበር። መስመሩ ግን ደህና ነው። ከማይሠሩት ኮምፒዩተሮች በአንዱ ላይ ቁጭ ብዬ አድራሻውን ስመለከት በ192.168.0 ይጀምራል፤ የመሥሪያ ቤቱ አድራሻዎች ግን የሚጀምሩት በ10 ነበር። አድራሻውን ያደለው ማን እንደሆነ ኮምፒዩተሩ ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል። የአዳዩን የመሣሪያ መለያ ቁጥር ይዘን በዋናው ስዊች መዝገብ ውስጥ የገባበትን ፖርት አገኘን። ኬብሉን ተከትለን ስንሄድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ራውተር ተቀምጧል። ያስቀመጠው ሠራተኛ ተደብቆም ተንኮል አስቦም አልነበረም። በዚያን ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበረ እሱና ባልደረቦቹ በስልካቸው ከቤተሰብ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ፈልገው ነው። ከቢሮው ሰው የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄም ‹‹ታዲያ አሁን ዋይፋያችን ሊጠፋ ነው?›› የሚል ነበር።

የጎጃም ደጋ የራሱ ምክንያቶች

ይህ ችግር በየትኛውም አገር አለ። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋን የመሰሉ ከተሞች ላይ እንዲጸና የሚያደርጉት ግን ሦስት ምክንያቶች ያሉ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው እጥረት ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከዓባይ በረሃ ማዶ በተቀመጠች ከተማ ኢንተርኔት የሚመጣው በውድ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። የስልኩ ዳታ ሲጠፋ ሰው የገመድ መስመር የደረሰበትን ግቢ ይፈልጋል። አንዷን መስመር ለመቋደስ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ራውተር ይሰካል። ሳጥኑ የሚገባው በዚህ በር ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በግቢው ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥተው አድራሻ ይጠይቃሉ። ትክክለኛው አዳይ ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒዩተር ከሆነ ተነሥቶ ሥራ እስኪጀምር ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ከጠረጴዛ ሥር ያለው ራውተር ግን አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር እሽቅድምድሙን የሚያሸንፈው ያልተሾመው ነው። በጥሩ ቀን ሁለቱ እኩል ይሻሙ የነበሩ ከሆነ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ሜዳው የራውተሩ ብቻ ይሆናል። ‹‹መብራት ሲመጣ ሲስተሙ አብሮ አልመጣም›› የሚባለው አንዱ ምስጢር ይህ ነው።

ሦስተኛው የዕቃ አተካክ ነው። የደጋው ክረምት መብረቅ አለው፤ መብረቅ ደግሞ የኔትወርክ ዕቃ አይምርም። ዋናው ስዊች ሲቃጠል ግዥው እስኪጸድቅ ወራት ስለሚፈጅ ‹‹ለጊዜው›› ተብሎ ከገበያ ርካሹ ስዊች ይገዛል። ይህ ርካሽ ስዊች ኬብል ከማገናኘት በቀር ምንም ትእዛዝ አይቀበልም፤ ማን መልስ መስጠት እንዳለበትና እንደሌለበት መለየት አይችልም። ‹‹ለጊዜው›› የገባው ስዊችም ዓመታት ይቀመጣል። በጨረታ የሚገዛውም ቢሆን ዝርዝር መግለጫው ‹‹24 ፖርት ስዊች›› ብቻ ብሎ ከቆመ፣ አሸናፊው ያንኑ በርካሽ ዋጋ የሚያቀርበው ነው። አቅራቢው አላጠፋም፤ የተጠየቀውን ነው ያመጣው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት ሲዘረጋ ከየወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር የተገናኙት ኮምፒዩተሮች ጥቂት ነበሩ፤ የሚያውቃቸውም ባለሙያ ነበረ። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም ዛሬ ዋይፋይ የሚፈልጉ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ስልኮችና ላፕቶፖች በየቀኑ በበሩ ይገቡበታል። በጥቂት ኮምፒዩተር ዘመን የሠራ መተማመን በዚህ ብዛት አይሠራም።

ከስሕተት ወደ ተንኮል

እስካሁን ያወራሁት ስለ የዋሁ ጥፋት ነው። ተንኮለኛው ግን የሚያስፈራ ነው። የዋሁ ራውተር ኔትወርኩን ያቋርጣል፤ በማቋረጡም ይታወቃል። ተንኮለኛው አያቋርጥም። ‹‹የመውጫው በር እኔ ነኝ›› ብሎ የሰውን ሁሉ መልእክት በራሱ በኩል ያሳልፋል፤ ወይም የስም መዝገቡን ቀይሮ የባንክ ስም የጠራውን ሰው ወደ ሐሰተኛ ገጽ ይመራዋል። ተጠቃሚው ኢንተርኔቱ ስለሚሠራለት ምንም አይጠረጥርም። አባቶች ‹‹ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር›› ያሉት ለዚህ ነው።

ይህ በወሬ ያለ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተገኘ አንድ ተንኮል አዘል ፕሮግራም የገባበትን ኮምፒዩተር ወደ ሐሰተኛ አድራሻ አዳይነት በመቀየር ጎረቤቶቹን ሁሉ ወደ አጭበርባሪዎች የስም መዝገብ ይመራ ነበር። አንድ ኮምፒዩተር ሲያዝ፣ ንጹሐኑም መንገድ ይስታሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ይፋ ባደረገው ተመሳሳይ ወንጀል ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ 4 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች የስም መዝገባቸው ተቀይሮ ተገኝቷል፤ ስድስት የኢስቶኒያ ዜጎችም ተይዘዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ደግሞ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳዩ። ሐሰተኛው አዳይ ‹‹አማራጭ 121›› የተባለውን የመንገድ መመሪያ በመጠቀም፣ ሰዎች ለምስጢራዊነት የሚተማመኑበትን ቪፒኤን ጭምር አልፎ ትራፊኩን ወደ ራሱ መሳብ ይችላል። አማራጩ ራሱ በደንቡ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ የነበረ ነው።

የዛሬ ድረ ገጾች አብዛኞቹ የተመሰጠሩ መሆናቸው ጉዳቱን እንደሚቀንሰው እቀበላለሁ። ባንኩን መስሎ የቀረበ ሐሰተኛ ገጽ በአሳሹ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስነሣል። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ያሉትን የውስጥ ሲስተሞች ስናይ፣ ሳይመሰጠሩ የሚሠሩ ወይም ተጠቃሚው ማስጠንቀቂያውን ‹‹ቀጥል›› ብሎ እንዲያልፍ የተለማመደባቸው ጥቂት አይደሉም።

ሌላም የተንኮል ዓይነት አለ። አንድ ተማሪ በላፕቶፑ በሐሰት መለያዎች እየተመላለሰ አድራሻ ቢጠይቅ፣ 250 ያህል አድራሻ ያለው ሰርቨር በአጭር ጊዜ ባዶውን ይቀራል። ቀጥሎ ለሚመጣው እውነተኛ ኮምፒዩተር የሚሰጥ አይኖርም።

መዝጊያው የት ነው?

ብዙ ኃላፊዎች ‹‹ፋየርዎል ገዝተናል›› ይሉኛል። ጥሩ ነው፤ ግን ለዚህ ችግር አይጠቅምም። ፋየርዎሉ የተቀመጠው ከግቢው መውጫ ላይ ነው። የአድራሻ ጥያቄና መልሱ ግን ከግቢው አይወጣም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ነው። የበር ዘበኛ በቤት ውስጥ ያለውን ጠብ አያይም። ሌሎች ደግሞ ‹‹የእኛ ዊንዶውስ ሰርቨር ያልተፈቀደለት አዳይ እንዳይሠራ ይከለክላል›› ይላሉ። እውነት ነው፤ ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ይህ አሠራር አለ። የሚያከብሩት ግን ፈቃድ የሚጠይቁት የዊንዶውስ ሰርቨሮች ብቻ ናቸው። ከሱቅ የመጣ ራውተር ፈቃድ የሚባል ነገር አያውቅም።

መዝጊያው ያለው ስዊቹ ላይ ነው። ‹‹ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ›› ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስዊቹ ፖርቶቹን በሁለት ይከፍላቸዋል፤ የታመኑና ያልታመኑ። ትክክለኛው ሰርቨር ያለበትና ወደ ዋናው ስዊች የሚወስደው ፖርት ይታመናሉ። የሠራተኛና የተማሪ ኮምፒዩተሮች የተሰኩባቸው ሁሉ አይታመኑም። ካልታመነ ፖርት ጥያቄ ቢመጣ ያልፋል፤ መልስ ቢመጣ ግን እዚያው ይጣላል። ራውተሩ ከጠረጴዛ ሥር ቀኑን ሙሉ ‹‹እኔ ልስጥ›› ቢል ጎረቤቱ እንኳን አይሰማውም። ከዚህም በላይ ስዊቹ ማን የትኛውን አድራሻ በየትኛው ፖርት እንደወሰደ መዝገብ ይይዛል። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ባልወሰደው አድራሻ የሚነግድን መሣሪያም ማገድ ይቻላል። በእያንዳንዱ ፖርት በሴኮንድ የሚመጣውን ጥያቄ በቁጥር መገደብ ደግሞ ያንን አድራሻ ጨራሽ ተማሪ ይገታዋል። ይህ ችሎታ በብዙዎቹ ትእዛዝ ተቀባይ ስዊቾች ውስጥ ተገዝቶ የተቀመጠ ነው፤ ያላበራነው እኛ ነን።

አበራሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ በኛ አገር ሁኔታ በተለይ። አንደኛ፣ ወደ ዋናው ስዊች የሚወስደውን ፖርት ‹‹የታመነ›› ሳይሉ ማብራት ትክክለኛውን ሰርቨር ራሱን ያፍናል፤ ግቢው በሙሉ አድራሻ ያጣል። ብዙ ቦታ ይህ ይደርስና ባለሙያው ደንግጦ ያጠፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ስዊቾች ጥያቄው ላይ ‹‹አማራጭ 82›› የሚባል ምልክት ይጨምራሉ፤ ይህን ያልለመደ ሰርቨር ወይም በመካከል ያለ መሣሪያ ጥያቄውን ሊጥለው ይችላል። ሦስተኛው ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ነው። ያ መዝገብ የሚቀመጠው በስዊቹ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ስዊቹ ማንንም አያውቅም፤ በዩፒኤስ ላይ የቆዩት ኮምፒዩተሮች ግን አድራሻቸውን ይዘዋልና አዲስ ላይጠይቁ ይችላሉ። በመዝገቡ ላይ የተመሠረተው ጥብቅ እገዳ በርቶ ከሆነ ንጹሐን ሊታገዱ ይችላሉ። መፍትሔው መዝገቡ በቋሚ ማኅደር ወይም በሌላ ሰርቨር ላይ እንዲቀመጥ ማዘዝና የስዊቹ ሰዓት ከአንድ ምንጭ እንዲስተካከል ማድረግ ነው። ፈረንጅ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ዋናው ጉዳይ ነው።

ትእዛዝ የሚቀበል ስዊች ለሌለውስ? እሱም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። ግቢውን በየክፍሉ በተለያየ ኔትወርክ መከፋፈል አንዱ ክፍል የገባ ጥፋት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ያደርጋል። የዋይፋይ ማሠራጫዎች ላይ ተጠቃሚዎች እርስ በርሳቸው እንዳይነጋገሩ የሚያደርገውን ቅንብር ማብራት ምንም ወጪ የለውም። በየከተማው የሚሸጠው የሚክሮቲክ ራውተር ሌላ አድራሻ አዳይ ሲያይ የሚያስጠነቅቅ አገልግሎት አለው። የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ በ192.168 ከመጀመር ይልቅ በ10 በሚጀምረው ሰፊ ክልል ማድረግም ይረዳል። ያኔ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ የያዘ ኮምፒዩተር የተገኘ ዕለት እንግዳ መግባቱ በዓይን ይታያል። በተገላቢጦሽ ግቢው ራሱ 192.168.1.1ን የመውጫ በር አድርጎ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ይዞ የመጣ ራውተር በሁለት በሮች መካከል ጠብ ያስነሣል። አድራሻ በእጅ የተሞላላቸው ኮምፒዩተሮችም ከዚህ ጠብ አያመልጡም።

አዲሱን የአድራሻ ሥርዓት፣ አይፒ ቅጽ 6ን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ ልበል። በዚያ ሥርዓት ራውተር ራሱን የሚያስተዋውቅበት መልእክት አለ፤ እሱንም ማንም ሊያስመስል ይችላል። መከላከያው እ.ኤ.አ. በ2011 ተጽፏል፤ በብዙ ስዊቾችም ውስጥ አለ። ቅጽ 6ን አልተጠቀምንም ብለን ብንዘናጋም፣ የዛሬ ኮምፒዩተሮች ሳንነግራቸውም ይጠቀሙበታል።

ከመሣሪያው ጎን ያለው ሥራ

በመሣሪያ ብቻ የሚያልቅ ነገር ግን አይደለም። ሰው ራውተር የሚያመጣው ስለቸገረው ነው። የተነቀለበት ሠራተኛ ዋይፋይ የሚያገኝበት ሌላ መንገድ ካልተሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ያመጣል፤ በዚህኛው ዙር ይደብቀዋል። ስለዚህ ‹‹የግል ራውተር ክልክል ነው›› የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፍ በፊት ሰው በሚበዛበት ክፍል የመሥሪያ ቤቱን የዋይፋይ ማሠራጫ መትከል ይቀድማል።

ሕጉም ቦታ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ሆን ብሎ የሌላውን መልእክት የሚጠልፍንና የኮምፒዩተር ሥርዓትን የሚያውክን ይቀጣል። ኬብሉን በተሳሳተ ቀዳዳ የሰካ የሒሳብ ሠራተኛን ግን በወንጀል ማየት ተገቢ አይሆንም። ይልቅ ኃላፊዎችን ማሳሰብ ያለበት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው። የዜጎችን መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን ለመጠበቅ ተገቢ የቴክኒክና የአስተዳደር እርምጃ እንዲወስድ ግዴታ አለበት። ስዊቹ ውስጥ ያለውን መከላከያ ሳያበሩ ‹‹ተገቢ እርምጃ ወስጃለሁ›› ማለት ይከብዳል።

ሁለት ተቃውሞ ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። አንደኛው፣ ‹‹በጦርነትና በኢንተርኔት መቋረጥ ውስጥ ላለ ክልል ስለ ስዊች ቅንብር ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?›› የሚል ነው። የመስመሩ መቋረጥ ትልቁ በደል መሆኑን አልክድም፤ ደብረ ማርቆስ ያለ ባለሙያም ሊቀይረው የሚችለው ነገር አይደለም። በእጁ ያለው የራሱ ግቢ ነው። ውኃ እንደልብ በማይገኝበት አገር ደግሞ የሚያፈስ ቧንቧ ይበልጥ ያስቆጫል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብደኛል። ያ የስዊች መዝገብ ማን በየትኛው ሰዓት በየትኛው ወንበር ላይ እንደነበረ ይናገራል። ለጥበቃ የተያዘ መዝገብ ሰውን ለመከታተያም ይውላል። ስለዚህ መዝገቡን ማን እንደሚያየው፣ ለስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ለማን ተላልፎ እንደማይሰጥ በጽሑፍ ይወሰን። ይህ ካልሆነ ተማሪው ከሐሰተኛው አዳይ ይልቅ እውነተኛውን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ለፈተና ማዕከላት በተለይ የምመክረው አጭር ነው። ከፈተናው ሳምንት በፊት አንድ ርካሽ ራውተር በፈተናው ክፍል ውስጥ ሆን ተብሎ በተሳሳተ ቀዳዳ ይሰካ። ከዚያ ኮምፒዩተሮቹ በሙሉ ጠፍተው ይብሩ። አንድም ኮምፒዩተር ከራውተሩ አድራሻ ከወሰደ መከላከያው አልሠራም ማለት ነው። ይኸው ሙከራ መብራቱን አጥፍቶ በማብራት ይደገም። ግማሽ ቀን አይፈጅም። የክልሉና የየዞኑ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በሚቀጥለው የስዊች ግዥ መግለጫ ላይ ‹‹ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ያለው›› የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ፤ የተረከበው ኮሚቴም መኖሩን አስበርቶ ይረከብ። የዩኒቨርሲቲዎቹ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ሲያወጡ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይህችን አንዲት ሥራ እንዲሠሩ ቢመድቧቸው፣ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሰኞ ጠዋት ‹‹ሲስተም የለም›› የሚል ድምፅ ስትሰሙ ወደ ቴሌ ከመደወላችሁ በፊት ያልሠራው ኮምፒዩተር አድራሻውን ከማን እንደወሰደ ይታይ። ምናልባት ጥፋተኛው ከጎናችሁ ካለው ጠረጴዛ ሥር ይሆናል።